ፍቅርን ሊመረምር የወጣ መምህር

ወርቅን የሚመዝን ሚዛን አለው፤ እህልንም የሚሰፍር ቁና አለው፤ ፍቅርን ግን በምን ይመዝኑታል? ይህን ጥያቄ ሲሰማ የሚሥቅ ሰው ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ፍቅርንና ግብረ ገብን እንዲመረምሩ ለተማሩ ሰዎች ደመወዝ ቈርጠው የሚሰጡ ማኅበሮችና ትምህርት ቤቶች በዓለም ላይ አሉ። ስጦታው ፌሎሺፕ ይባላል፤ ይኸውም አንድ መምህር ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ከሌላው ሥራ ሁሉ ዐርፎ፥ የዕለት እንጀራው ሳያሳስበው፥ አንዱን ነገር ብቻ እንዲመረምር የሚሰጥ ድጎማ ነው።

ይህ አሳብ ትናንት የተፈጠረ አይደለም። ከሩስያ ተሰዶ በአሜሪካ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ፒቲሪም ሶሮኪን በ1949 ሰው ለሰው የሚያደርገውን በጎነት የሚመረምር ማዕከል አቋቋመ፤ ገንዘቡን የሰጠው ኢሊ ሊሊ የተባለ የመድኃኒት ፋብሪካ ባለቤት ነበረ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ሶሮኪን በ1954 ስለ ፍቅር መንገዶችና ኃይል የሚናገር ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። በ2001 ደግሞ ስቲቨን ፖስት የተባለው ሊቅ ከጆን ቴምፕልተን ፋውንዴሽን በተገኘ ገንዘብ፥ ወሰን ስለሌለው ፍቅር የሚመረምር ተቋም በዚያው በአሜሪካ መሠረተ።

በአገራችንም በዘርዐ ያዕቆብ ስም የሚታወቀው የሐተታ መጽሐፍ አለ። ደራሲው ማን እንደ ሆነ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ ካናዳዊው ክሎድ ሰምነር ግን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር መጽሐፉን ለዓለም ለማስተዋወቅ ብዙ ዓመት ደክሟል። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ባለታሪኩ ኂሩት የተባለችውን ገረድ ሲያገባ፥ ከእንግዲህ ገረድ ሳትሆን ሚስት እንደ ሆነች፥ ባልና ሚስትም እኩል እንደ ሆኑ ሲናገር ይገኛል። እንግዲህ የፍቅርና የግብረ ገብ ጥያቄ እጅግ የሚጠነክረው ጋብቻ በሚጠየቅበት ደጃፍ ላይ መሆኑን የቀደሙትም ሰዎች ዐውቀውታል ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ድጎማ ካገኙት ሰዎች አንዱ በወላይታ አገር ከዳሞታ ተራራ ሥር የተወለደ ወጣት መምህር ነበረ። ሶዶ በዚያ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ከ2007 ጀምሮም ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ዛሬ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች። በዙሪያዋ ያለው ገጠር ሰው የሞላበት፥ እንሰትና ቦቈሎ የሚበቅልበት፥ አፈሩ ቀይ የሆነ አገር ነው። በዚያ አገር ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች አስቀድመው ጎሳ ይጠይቃሉ፤ ሰው ከገዛ ጎሳው አያገባምና። ከጎሳው ቀጥሎ ግን ሌላ ጥያቄ አለ፤ እርሱም በአደባባይ ሳይሆን በሹክሹክታ የሚጠየቅ ነው። በዚያ ቤት ደዌ አለ ወይ? የሚል ነው።

መምህሩ ሊመረምር የተነሣው ይህን ነገር ነበረ። ሁለት ወጣቶች ሲፋቀሩ የአንዱ ቤት ደዌ ያለበት ሆኖ ቢገኝ፥ ፍቅር ምን ይላል? ግብረ ገብስ ምን ያዝዛል? ይህንንም ለመጠየቅ 24 ጥያቄዎች በወረቀት ላይ በሥርዓት ጻፈ፤ ድጎማውን የሰጡትም ሰዎች ጥያቄዎቹን አይተው አመሰገኑት።

ነገር ግን ከእነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ሰው ራሱ መምህሩ ነበረ። የእርሱም እናት በሁለት እግሮችዋ የዝሆኔ በሽታ ነበረባት፤ እርሱም አንዲት ልጃገረድ አጭቶ ነበረ። የልጅቱ ዘመዶች እናቱን ለማየት በጠየቁ ጊዜ፥ አሞአታል፥ መንገድ አትችልም ብሎ መለሰ። ቃሉ ሐሰት አልነበረም፤ እውነትም አልነበረም።

ዝሆኔ የሚባለው በሽታ ሁለት ዓይነት መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። በቈላ አገር ትንኝ በምታስተላልፈው ትል የሚመጣ አለ። በደጋው ያለው ግን ትልም ሆነ ትንኝ የለበትም፤ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ መፈራረስ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ ነው። ከአፈሩ የሚወጡት እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች በእግር ቆዳ በኩል ይገባሉ፤ የሰውነትን ፈሳሽ የሚያመላልሱትንም ቀጫጭን ቧንቧዎች ያቈስሉና ይዘጋሉ፤ እግርም ቀስ በቀስ ያብጣል፥ ይጠነክራል፥ ይሻክራል። ይህን ከአፈሩ ጋር አያይዞ በኢትዮጵያ በብዙ ድካም የመረመረው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው፤ ፖዶኮኒዮሲስ የሚለውንም ስም እግርና አቧራ ከሚሉት የግሪክ ቃሎች ያወጣለት እርሱ ነው። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

በ2003 የወጣ ጥናት በወላይታ ከመቶው ሰው 5.46 ያህሉ ይህ በሽታ እንዳለበት ገለጠ። በ2006 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ አንድ በሽተኛ ከሥራ ቀኖቹ 45 በመቶውን በበሽታው ምክንያት እንደሚያጣ አስረዳ። ከሕመሙም ከድኽነቱም የሚብሰው ግን የሰው ዓይን ነው። በ2008 በታተመው ጥናት ከተጠየቁት ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት ከበሽተኛ ጋር መቀላቀልን የሚሸሹ ሆነው ተገኙ። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲው አበባየሁ ቶራ ከባልደረቦቹ ጋር በ2011ና በ2014 ባወጣቸው ጥናቶችም በሽተኞች ከሰው መካከል እንዴት እንደሚገፉና ይህንም እንዴት እንደሚቋቋሙት ተጽፎአል። የሚያፍረውም በሽተኛው ብቻ አይደለም፤ እግራቸው የዳነ ልጆቹና እኅቶቹም ጋብቻ ሲጠየቅ ያፍራሉ።

መምህሩ ይህን ሁሉ በመጽሐፍ ያውቅ ነበረ። አንድ ቀን ወረቀቱን ይዞ ከሶዶ ወጥቶ በዳሞታ ግርጌ ወዳለች አንዲት መንደር ሄደ፤ እግርዋ ያበጠ አንዲት አሮጊት ሴትም በደጃፍዋ ተቀምጣ እንሰት ስትፍቅ አገኘ። ሰላምታ ከተሰጣጡ በኋላ የመጣበትን ነገር ነገራት፤ የመጀመሪያውንም ጥያቄ አነበበላት። እርስዋም ሥራዋን አቁማ ሰማችው፤ ከዚያም በኋላ፤

«ልጄ፤ ይህ የምትጽፈው ወረቀት ወዴት ይሄዳል?» አለችው።

«እናቴ፤ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ከዚያም ወደ ውጭ አገር ይሄዳል። የእርስዎ ስም ግን አይጻፍበትም።»

«ስሜ ባይጻፍበትም ወደ ደጄ ስትገባ መንደሩ ሁሉ አይቶሃል። ስለ እግር የሚጠይቅ ሰው ወደዚህ ቤት ገባ ይባላል። የዛሬ ሦስት ዓመት ልጄን ጠይቀዋት ነበረ፤ ውሃ ልቀዳ ስወርድ እግሬን አዩ፤ ከዚያ ወዲያ ሽማግሌዎቹ አልተመለሱም። አሁን ወረቀትህን እጠፈውና እኔ ልጠይቅህ።»

«ይጠይቁኝ።»

«አንተ ራስህ ከዚህ ቤት ልጅ ታገባለህን? እኅትህንስ ለዚህ ቤት ልጅ ትሰጣለህን?»

መምህሩ መልስ አላገኘም። እናቴም እንደ እርስዎ ናት ቢላት ኖሮ ነገሩ በዚያው ባለቀ ነበረ፤ ነገር ግን ያን ቃል ለዐማቶቹ ያልተናገረ ሰው ለማታውቀው አሮጊት እንዴት ይናገር? ወረቀቱን አጠፈና እጅ ነሥቶ ሄደ። አሮጊቲቱም እንሰትዋን መፋቅ ጀመረች።

ወደ ቤቱ ተመልሶ ከእርሱ አስቀድመው በዚያው በወላይታ ሰውን ሊጠይቁ የወጡ ሰዎች ምን እንዳደረጉ ለማወቅ መጻሕፍቱን ገለጠ። ከእነዚህም ጽሑፎች አንዱ ልቡን ነካው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ፋሲል ተኮላና እንግሊዛዊቱ ሐኪም ጌይል ዴቪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2009 ያሳተሙት ነው። እነዚህ ሊቃውንት በሽታው በዘር የሚወረስ ነገር እንዳለበት ለመመርመር ከበሽተኞች የሰውነት ናሙና ሊወስዱ አስበው ነበረ። ይሁን እንጂ ናሙናውን ከመውሰዳቸው በፊት ቆመው ሌላ ጥያቄ ጠየቁ፤ ይህን ብንመረምር የምንጐዳው ማንን ነው? አሉ። ይህንንም ለማወቅ 25 ሰዎችን ለየብቻ፥ ሌሎችንም በአራት ጉባኤ ሰብስበው አነጋገሩ።

ያገኙት መልስ ይህ ነው። በሽተኞቹ ፈሩ፤ ጥናቱ በሽታው በዘር እንደሚሄድ ለሁሉ ቢያውጅ ንቀቱ ይብስብናል አሉ። በሶዶ በሽተኞችን የሚረዳው የሞሲ ፉት ማኅበር ሠራተኞችም ሠጉ፤ በሽታው ይከለከላል፥ ይታከማል እያልን ስናስተምር ከርመን አሁን በዘር ነው ቢባል ሕዝቡ ተስፋ ይቈርጣል አሉ። ሰዎቹም ለመስማማት የሚያምኑት ከሩቅ የመጣውን ወረቀት ሳይሆን በቅርብ የሚያውቁትን ሰው መሆኑ ታወቀ። ስለዚህ ሊቃውንቱ ከዋናው ምርምር በፊት ሕዝቡ ነገሩን በሚያምናቸው ሰዎች አፍና በሚገባው ቃል እንዲረዳ ማድረግ ያስፈልጋል ብለው ጻፉ።

መምህሩ ይህን ሲያነብ የራሱ ስሕተት ተገለጠለት። እርሱ ጥያቄውን ይዞ ወደ ደጃፍ ሲገባ፥ መግባቱ ብቻ ለዚያች ቤት ምን እንደሚያመጣባት አላሰበም ነበረ። ሰውን ስለ ፍቅር መጠየቅ ራሱ የፍቅር ሥራ ካልሆነ፥ የተጠየቀው ሰው ቍስሉን ሲነካ ጠያቂው ደመወዙን ይቀበላል፤ ይህም ንግድ እንጂ ምርምር አይደለም።

ንባቡንም በቀጠለ ጊዜ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አገኘ። በ2007 በደቡብ ኢትዮጵያ 59 ቤተ ሰቦችን የመረመረ ጥናት የበሽተኛ ወንድም ወይም እኅት ከሌላው ሰው ይልቅ አምስት እጥፍ ያህል በበሽታው ሊያዝ እንደሚችል ገልጦ ነበረ። በ2012 ደግሞ ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ 194 በሽተኞችንና 203 ጤነኞችን፥ ደግሞም 202 አባት እናትና ልጅ ያሉባቸውን ቤተ ሰቦች መርምረው፥ ሰውነት የራሱን ነገር ከባዕድ ነገር ለይቶ በሚያውቅበት የዘር ክፍል ላይ ምክንያቱን አገኙ። እንግዲህ መንደርተኛው በዘር ነው ሲል ፈጽሞ ተሳስቶ አልነበረም። ነገር ግን ያወቀው ግማሹን ብቻ ነው። የሚወረሰው ተጋላጭነቱ ነው እንጂ በሽታው አይደለም፤ የተጋለጠው ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ቢጫማና እግሩን ቢታጠብ አፈሩ አይነካውም፥ በሽታውም አይመጣበትም። አፈሩ ብቻ ነው የሚለውም ግማሹን ያውቃል፤ በአንድ እርሻ ላይ በባዶ እግር ካደጉ ሁለት ሰዎች አንዱ ሲታመም ሌላው ለምን እንደሚድን ሊያስረዳ አይችልምና።

በዚያች ሌሊት መምህሩ ስለ ራሱ እግር አሰበ። ይህ ዘር በእርሱም ውስጥ ሊኖር ይችላል። ሆኖም እግሩ የሌላ ሰው እግር ይመስላል። ስለ ምን? ትምህርት ቤት በገባበት ዓመት እናቱ የዓመቱን ቅቤዋን ሸጣ የላስቲክ ጫማ ገዝታለት ነበረ። ያ ጫማ ሲጠብበት ሌላ ገዛችለት፤ ያም ሲቀደድ ሌላ። እርስዋ ግን ገበያ ስትወርድም፥ ማገዶ ስትሸከምም፥ እርሱን ትምህርት ቤት ስታደርስም በዚያው ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግርዋ ትሄድ ነበረ። ስለ ዘርም ስለ አፈርም የተጻፈ አንድ ቃል አላነበበችም፤ ልጄ ከሰው በታች እንዳይሆን ብላ ብቻ ነው። እርሱ ደመወዝ ተቀብሎ በ24 ጥያቄ የሚፈልገውን ነገር፥ እርስዋ በእግርዋ ከፍላበት ነበረ። እርሱ ግን ያን እግር ሸሸገው።

በነጋው ወደ እናቱ ቤት ሄደ። ከሶዶ የሕክምናውን ሥርዓት የሚያስተምር ሰው ጠይቆ ነበረና፥ ውሃ አቀረበ፥ ጥቂት በረኪና ጨመረበት፥ እግሮችዋን በሳሙና አጠበ፥ በጨርቅ አደረቀ፥ ቅባት ቀባ። በመጀመሪያ እናቱ እግርዋን ሰበሰበች፤ የተማረ ልጅ እንዲህ አይሠራም አለችው። በጸሎተ ሐሙስ ሊቀ ካህናቱ የሰውን እግር ዝቅ ብሎ ሲያጥብ ያየ ሕዝብ፥ በቤቱ ያለችውን የእናቱን እግር ለማጠብ ለምን ያፍራል? ይህ ሕክምና ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በምሥራቅ ጎጃም በ696 በሽተኞች ላይ ተፈትኖ በ2018 በታተመ ጥናት፥ እጥበቱ፥ ቅባቱ፥ ካልሲውና ጫማው አንድ ላይ ሆነው በሽተኛውን ከአልጋ የሚጥለውን ትኵሳትና ሕመም እንዳሳነሱ ተረጋግጦአል። በሶዶም ያበጠ እግር የሚገባበትን ሰፊ ጫማ የሚሰፉ ሰዎች አሉ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ራሳቸው በበሽታው ተይዘው የታከሙ ናቸው።

ከዚህ በኋላ መምህሩ ወደ እጮኛው አባት ቤት ሄዶ እውነቱን ሁሉ ተናገረ። ግማሹን አልነገረም። እናቴ ዝሆኔ አለባት፤ ተጋላጭነቱ በዘር ይሄዳል፥ በእኔም ሊኖር ይችላል፥ በልጆቻችንም ሊኖር ይችላል፤ በሽታው ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፥ ጫማ የሚጫማ ልጅም አይያዝም፤ አስቀድሞ የሸሸግሁት በእኔ ኀፍረት እንጂ በእርስዋ ምክር አይደለም አለ። አባትየው ብዙ ዝም አለ። የልጅቱ አጎት ግን ተነሥቶ ወጣ። መልሱም ጊፋታ እስኪያልፍ ድረስ ይቈይ ተባለ።

ጊፋታ ካለፈ በኋላ አባትየው አስጠራው፤ እንዲህም አለው፤ «ልጄ፤ አላፈርንም ብዬ አልዋሽህም፤ አፍረናል። ልጄንም ጠየቅኋት፤ ጫማውን እኔ እገዛለሁ ብላለች። እኔም ከዚህ በኋላ ሌላ የምትሸሽገን ነገር እንዳይኖር ብቻ እጠይቅሃለሁ።» በሠርጉም ቀን እናቱ በሰፊው ጫማዋ ሄዳ ከሴቶች መካከል ተቀመጠች። አጎትየው ግን አልመጣም።

መምህሩ ከዚያ በፊት ወደ አሮጊቲቱ መንደር ተመልሶ ነበረ። በዚህ ጊዜ ብቻውን አልሄደም፤ መንደሩ የሚያውቃትን፥ በሽተኞችን የምታስተምር አንዲት ሴት አስከተለ፤ አስቀድማም እርስዋ ገብታ አሮጊቲቱን አስፈቀደች። ከተቀመጠም በኋላ ወረቀቱን ሳያወጣ፤ «እናቴ፤ ባለፈው ለጠየቁኝ መልስ ይዤ መጥቻለሁ፤ የእኔም እናት እንደ እርስዎ ናት፤ ያን ቀን አልነገርሁዎትም» አላት። እርስዋም ትኵር ብላ አየችውና፤ «ታዲያ ከእኔ ምን ትጠይቃለህ? ታውቀው የለም?» አለችው። ቈይታም፤ «ለሦስቱ እመልስልሃለሁ፤ የቀረውን ተወው» አለች። እርሱም ሦስቱን ብቻ ጠየቀ። ልጅዋ መምህሩ ጥናቱን በጨረሰ ጊዜ ገና አላገባችም ነበረ።

ለድጎማው ሰጪዎች በላከው ጽሑፍ መጀመሪያ ገጽ ላይ የእናቱን ፈቃድ ጠይቆ የራሱን ቤት ነገር ጻፈ። ከ24ቱ ጥያቄዎችም አሥራ አንዱን ሰረዛቸው፤ ስለ ምን ቢሉ፥ እርሱ ራሱ በሰው ፊት ሊመልሳቸው የማይደፍራቸው ነበሩ።

ይህን ታሪክ የሚያነብ አስተዋይ ሰው ሁለት ነገር ይማርበታል። ፍቅርንና ግብረ ገብን ለሚመረምሩ ሰዎች ገንዘብ መስጠት ከንቱ አይደለም፤ በወላይታ በሽተኞቹን አስቀድመው ያነጋገሩት ሊቃውንት ባይኖሩ ኖሮ፥ ያው ምርምር መድኃኒት በመሆን ፈንታ ስድብ ሊሆን ይችል ነበረ። ነገር ግን ድጎማ የሚገዛው ጊዜንና ወረቀትን ነው፤ ጠያቂው እንዲጠየቅ የሚያደርገውን ድፍረት ማንም አይገዛለትም። ደግሞም በጋብቻ ጊዜ ስለ ደዌ መጠየቅ ክፉ አይደለም፤ ክፉው በሹክሹክታ ጠይቆ በሹክሹክታ መፍረድ ነው። የሚጠይቅ በግልጥ ይጠይቅ፤ የሚጠየቅም እውነቱን ከነመድኃኒቱ ይንገር። ግማሽ እውነት ሰውን ከሰው ይለያል፤ ሙሉው እውነት ግን ቢያሳፍርም መድኃኒቱን ያሳያል። እስከዚያው ድረስ በቀይ አፈር አገር የሚኖር ወላጅ ሁሉ ለልጁ ጫማ ይግዛለት።